የሰርግ ፎቶ ዋጋ ከምን ይመጣል?

ለሰርግ የፎቶ ባለሙያ የሚጠይቀው ዋጋ ብዙ ቤተሰብ ያስደነግጣል። «አንድ ቀን ሠርቶ ይህን ያህል!» ይባላል። ስሌቱ የሚሳሳተው ሥራውን በአንድ ቀን በመለካት ነው። ባለሙያው ከሙሽራዪቱ ቤት ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ከዋለ በኋላ ምስሎቹን መርጦ፣ ብርሃንና ቀለማቸውን አርሞ፣ አልበም አሳትሞ እስኪያስረክብ ብዙ ቀናት ያልፋሉ። ሰርጉ ስለማይደገም መጠባበቂያ ካሜራ፣ ሌንስ፣ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ ይይዛል። ይህ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ስትለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ክፍያው በቁጥር ቢያድግም ያረጀ ካሜራ ለመተካት ላይበቃ ይችላል።

«ስልክስ ያነሣ የለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ በጠራ ፀሐይ የስልክ ፎቶ ያምራል። ሰርግ የሚደምቀው ግን በድንኳንና በአዳራሽ፣ ብዙውን ጊዜም በማታ ነው። የስልክ ብርሃን መቀበያ ትንሽ በመሆኑ በዚያ ጊዜ ምስሉ ይደበዝዛል። ቃላቸውን የማይጠብቁ ባለሙያዎች አሉ የሚለው ቅሬታም እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ዋጋ ማስቀነስ ሳይሆን በጽሑፍ መዋዋል ነው። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት የሥራ ሰዓቱን፣ የፎቶውን ብዛትና የማስረከቢያውን ቀን አስፍራችሁ ተፈራረሙ።