የአስጋሪው ቤንዚን፦ የጣና የሞተር ጀልባ የነዳጅ አጠቃቀም

ከኋላዋ ሞተር ለሚታሰርላት አነስተኛ የዓሣ ጀልባ ትልቁ የዕለት ወጪ ቤንዚን ነው። መረብ አንዴ ከተገዛ እየተጠገነ ይከርማል፤ ቤንዚን ግን ዓሣ ተያዘም አልተያዘም ይቃጠላል። ስለዚህ የነዳጅ አጠቃቀም ትክክለኛ መለኪያው በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ዓሣ ዳር ደረሰ የሚለው ነው።

በጣና ሐይቅ ይህ ስሌት የመጣው ከሞተሩ ጋር ነው። በሐይቁ ላይ ለዘመናት ዓሣ የተሰገረው ከደንገል በሚሠራ ታንኳ ነበር። ታንኳ በክንድ ስለሚቀዘፍ አስጋሪው ከዳርቻው ብዙም አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን፣ የግብርና ሚኒስቴርና የኔዘርላንድ ረድኤት ድርጅቶች የተሳተፉበት ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ። አስጋሪዎች ወደ ሐይቁ መሐልና ራቅ ወዳሉ የወንዝ መግቢያዎች መድረስ ቻሉ፤ ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሣዎች ከባሕር ዳር አልፈው ለአዲስ አበባ ገበያም ይጫኑ ጀመር። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ስላለው ግን ርቀቱ ሁሉ በቤንዚን የሚከፈል ሆነ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሊትር ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል።

ፍጆታን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ፍጥነት ነው። መረብና ዓሣ የጫነች ጀልባ ውሃውን እየገፋች ስትሄድ ማዕበል ታስነሳለች። ፍጥነቷ ሲጨምር ማዕበሉ ያድግና ጀልባዋ ዳገት የምትወጣ ያህል ሞተሩ ይጨነቃል። ይህ የሚደርስበት ፍጥነት በጀልባዋ ርዝመት ይወሰናል፤ ውሃ የሚነካው ርዝመቷ 7 ሜትር ለሆነ ጀልባ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቀላልና ባዶ ጀልባ በጠንካራ ሞተር ይህን ወሰን አልፋ በውሃው ላይ መንሸራተት ትችላለች። ጭነት የያዘች የብረት ጀልባ ግን እጀታው እስከ ጥግ ቢዞርም የምትጨምረው ፍጥነት እምብዛም ነው።

ከዚያ ወሰን በታችም ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የሚያስፈልገው ጉልበት ስምንት እጥፍ ገደማ ይሆናልና። መረቡን 10 ኪሎ ሜትር ርቆ የጣለ አስጋሪ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 50 ደቂቃ ይወስድበታል፤ ፍጥነቱን ወደ 9 ኪሎ ሜትር ዝቅ ቢያደርግ 67 ደቂቃ። አስራ ሰባት ደቂቃ ይዘገያል፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ግን ከግማሽ በታች ይወርዳል። ጉዞው የረዘመበት ጊዜ ታስቦም ለዚያው መንገድ የሚቃጠለው ነዳጅ በስሌት ከ40 በመቶ በላይ ይቀንሳል። ሞተሮች ነዳጅ ሲቀነስላቸው ቅልጥፍናቸው በመጠኑ ስለሚወርድ በተግባር የሚገኘው ከዚህ ያንሳል። ቢሆንም ያለ ምንም ወጪ የሚገኝ ትልቁ ቁጠባ ይኸው ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ክብደትና የጀልባዋ ሆድ ነው። ወለሉ ላይ የተጠራቀመ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ጭነት ስለሆነ ከመነሳት በፊት ተቀድቶ መውጣት አለበት። ሞተረኛው፣ ጀሪካኑና መረቡ ሁሉ ከኋላ ከተከማቹ አፍንጫዋ ወደ ላይ ይነሳና ኋላዋን እየጎተተች ትሄዳለች፤ መረቡን ወደ መሐል ማምጣት ይህን ያቃልላል። ከሥሯ የሚለጠፈው አረንጓዴ አልጌም ውሃውን ስለሚይዝ በየጊዜው መፋቅ ይኖርበታል።

ፕሮፔለር የሚመረጠው በስፋቱና በአንድ ሙሉ ዙር ወደፊት በሚገፋው ርቀት ነው። ለከባድና ዝግተኛ ጀልባ የሚስማማው ሰፋ ያለና በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አጠር ያለ ነው። ምርጫው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ጀልባዋ የተለመደ ጭነቷን ይዛ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጣት ሞተሩ በፋብሪካው መመሪያ ላይ የተጻፈውን የዙር ብዛት ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች ከቀረ ሞተሩ ታፍኖ እየሠራ ነው። የተጣመመ ወይም ጫፉ የተሸረፈ ክንፍም ነዳጅ ያባክናል። የሞተሩ ከፍታም መስተካከል አለበት፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለችው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ሆድ ጋር እኩል ወይም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት ይገባታል።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ ሌላም ጣጣ አለ። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። 15 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር በሐይቁ ላይ የሚሰጠው 12 ተኩል ገደማ ነው። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ግን ለሳሳው አየር ከሚገባው በላይ ቤንዚን ያሳልፋል። ምልክቱ ካንዴላው ላይ ይነበባል፦ በደህና የሚሠራ ሞተር ካንዴላ ቀላ ያለ ቡናማ መልክ አለው፤ ቤንዚን የሚበዛበት ግን ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ይረጥባልም። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍባትን ባለቀዳዳ የናስ ቁራጭ ፋብሪካው ለዚያ ከፍታ ባዘዘው ጠባብ መተካት ነው። ያ ሞተር ወደ ቆላ ሐይቅ ከተወሰደ ቁራጯ መመለስ አለባት፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተኑም ይጎዳል።

የሞተሩ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎለት የሚሠራው ባለሁለት ምት ሞተር ቀላል፣ ርካሽና ለጥገና የሚመች ነው፤ ሆኖም ከሚገባለት ነዳጅ ከፊሉ ሳይቃጠል በጭስ መውጫው ያመልጣል። ባለአራት ምት ሞተር ይህ ብክነት የለበትም፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ከፍ ይላል። ስለዚህ ብዙ ሰዓት ለሚሠራ አስጋሪ ልዩነቱ ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ለሚወጣ ላይመለስ ይችላል። በባለሁለት ምት ሞተር ድብልቁ አንድ ለ50 ከሆነ 20 ሊትር ለሚይዝ ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ይበቃል። በግምት የሚጨመር ትርፍ ዘይት ካንዴላ ያጠቁራል፤ ያነሰ ዘይት ደግሞ ሞተሩን ይጎዳል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና መኖሩ የተረጋገጠው እምቦጭ የተባለው የውሃ አረምም የነዳጅ ጠላት ነው። ሥሩ በፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ሞተሩ እየጮኸ ጀልባዋ ትዘገያለች፤ የማቀዝቀዣ ውሃ መሳቢያው ሲደፈን ደግሞ ከሞተሩ ጎን የምትፈሰው ቀጭን ውሃ ትቋረጣለች። ያን ጊዜ ሞተሩን ወዲያው አጥፍቶ፣ ወደ ላይ አንስቶ አረሙን መንቀል ይገባል። ከፕሮፔለሩ ኋላ የተጠመጠመ የመረብ ክር ካለ ፕሮፔለሩ ተፈትቶ መውጣት አለበት፤ ክሩ የዘይት መያዣ ጎማውን ቆርጦ ውሃ ያስገባልና።

የቀረው የጉዞ ዕቅድ ነው። መረብ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ጎሕ ሲቀድ ሲነሳ ጀልባዋ በመንገዱ ላይ አራት ጊዜ ትጓዛለች። ለመረቡ ቅርብ በሆነ ደሴት ወይም ዳርቻ ማደር ከአራቱ ሁለቱን ያስቀራል። ጠዋት ሐይቁ ሲረጋ መጓዝ፣ ከሰዓት በኋላ ከሚነሳው ነፋስ ጋር ከመታገል ይልቅ ነዳጅ ይቆጥባል። ለጉዞ የሚያዘው ቤንዚንም ሦስት ቦታ ይከፈላል፦ አንዱ እጅ ለመሄጃ፣ አንዱ ለመመለሻ፣ አንዱ ለክፉ ቀን።

ይህን ሁሉ የሚያስተሳስረው ደብተር ነው። በየቀኑ የተቀዳው ሊትር፣ የተኬደው ቦታና የተያዘው ዓሣ ኪሎ ከተመዘገበ በአንድ ሊትር የተገኘው ዓሣ ይታወቃል። መንገዱ ሳይለወጥ ሊትሩ ከጨመረ በቅድሚያ ፕሮፔለሩ፣ ቀጥሎ የጀልባዋ ሆድ፣ ከዚያ ካንዴላው ይታያል። ሦስቱም ደህና ሆነው ሊትሩ ከበዛ መታረም ያለበት የሞተረኛው ፍጥነት ነው። ሊትሩ ሳይጨምር የዓሣው ኪሎ ከቀነሰ ደግሞ ችግሩ ያለው በሞተሩ ሳይሆን መረቡ በሚጣልበት ቦታ ነው።