ጆሮና እጅ

በዐቢይ ጾም ማታ ማታ፥ የበገና መዝሙር በእጅ ስልካችን ከፍተን ከቤተ ሰባችን ጋራ ማድመጥ ልማዳችን ነው። ባለፈው ጾም ታናሹ ልጃችን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን በገና አመልክቶ፥ «አባባ፥ ይኸኛውስ መቼ ይናገራል?» ሲል ጠየቀን። አውርደን ብናየው፥ ከበግ አንጀት ከተሠሩት 10 አውታሮች ሁለቱ ተበጥሰዋል፤ የቀሩትም ረግበዋል። የዳዊት መሣሪያ በቤታችን ጌጥ ሆኖ ቀርቶ ኖሯልና አፈርን።

ማድመጥስ መልካም ነው፤ ያላደመጠ አይማርም። ዳሩ ግን ጆሮ ብቻውን የጠገበ እንደ ሆነ እጅ ይሰንፋል። ስለዚህም አውታሩን አስጠግነን ሥርዐት አበጀን፤ ይኸውም አንድ መዝሙር ከሰማን፥ የዚያኑ ያህል ጊዜ ራሳችን እንደረድራለን። ጣታችን ገና ይሳሳታል፤ ልጃችን ግን ስሕተታችንን እየሰማ መማር ጀምሯል።

አንባቢዎቻችን ሆይ፥ በቤታችሁስ ተሰቅሎ የቀረው ምንድር ነው?