የማይክሮኮንትሮለር ሶፍትዌር ሲመረጥ ለፖርቱ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል

በምሥራቅ ወለጋ ዞን ዲጋ ወረዳ የተተከለ የውኃ ፓምፕ መቆጣጠሪያው በድንገት ቢቆም፣ ባለሙያ ከነቀምት እስኪደርስ ነዋሪው ውኃ ያጣል። ብልሽቱ አንዳንዴ የሚመነጨው ከዕቃው ሳይሆን ከሶፍትዌር ምርጫ ነው።

በመቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ማይክሮኮንትሮለር እያንዳንዱን ተግባር በተወሰነለት ቅጽበት እንዲያከናውን የሚያደርገው ሪል ታይም ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሪቻርድ ባሪ የጀመረው ፍሪአርቶስ ለዚህ ተጠቃሽ ነው። ሲስተሙን ከቺፑ ጋር የሚያጣጥመው ክፍል ፖርት ሲሆን፣ የሚመረጠውም በፕሮሰሰሩና በኮምፓይለሩ ዓይነት እንጂ በአምራቹ ዝና አይደለም።

ለአብነት ለኮርቴክስ ኤም 3 የተዘጋጀው ፖርት የአስርዮሽ ማስሊያ ክፍል ባለው ኮርቴክስ ኤም 4 ላይ ቢጫን፣ ከአንዱ ተግባር ወደ ሌላው ሲሸጋገር በማስሊያው ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች አያስቀምጥም። በዚህም ስሌቱ ሊዛባ ወይም መሣሪያው ሊቆም ይችላል። ጉድለቱ በርክክብ ሙከራ ላይታይም ይችላል። በመሆኑም የግዥ ሰነዱ የፕሮሰሰሩን፣ የኮምፓይለሩንና የፖርቱን ዓይነት ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል።