እንግዳ ሳይሆን የቤት ልጅ

«እንግዳ ፊት ወርቅ፣ ኋላ ብር፣ ኋላ ጨርቅ» ይላል የአገራችን ተረት። የሰነበተ እንግዳ ራሱም ይሳቀቃል፣ ባለቤቱንም ያሰለቻል። ታዲያ የ16 ዓመት ልጅ ቋንቋውን በቅጡ በማያውቀው አገር፣ ዘመዶቹ ባልሆኑ ሰዎች ቤት አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ እንዴት ይከርማል? «ሆስት ፋሚሊ» የሚባለው አስተናጋጅ ቤተሰብ ለዚህ ጥያቄ የተገኘ መልስ ነው። መልሱም ልጁን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደ ቤት ልጅ መቀበል ነው።

ሐሳቡን ካስጀመሩት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው ዶናልድ ዋት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 የአገሩን ወጣቶች ይዞ ስዊዘርላንድ ሄደና ከአውሮፓ ወጣቶች ጋር በአንድ ካምፕ አሰፈራቸው። ወጣቶቹ ግን ከመቀላቀል ይልቅ ከየአገራቸው ልጆች ጋር ተቧደኑ። ዋት ከዚህ ተምሮ በዓመቱ ወጣቶቹን በየቤተሰቡ አስገባቸው። እያንዳንዱ የሚቧደነው የአገሩ ልጅ ስላልነበረው ከቤቱ ሰዎች ጋር መነጋገር ግድ ሆነበት።

ሌላው መነሻ ጦርነት ነው። አሜሪካን ፊልድ ሰርቪስ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ቁስለኛ ያመላለሱ በጎ ፈቃደኛ የአምቡላንስ ሾፌሮች ማኅበር ነበር። ሁለተኛው ጦርነት ሲያበቃ ሾፌሮቹ በስቲቨን ጋላቲ መሪነት ፊታቸውን ወደ ተማሪዎች አዞሩ። የተዋወቁ ልጆች አድገው አይዋጉም ብለው አመኑ። እ.ኤ.አ. በ1947 ከ10 አገሮች የመጡ 52 ተማሪዎችን ለትምህርት አሜሪካ አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ የሚታወቀው ተማሪን ቤተሰብ ውስጥ በማስቀመጥ ነው።

ዛሬ አሜሪካ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በምትሰጠው የልውውጥ ቪዛ አሠራሩ በደንብ የታሰረ ነው። ቤተሰቡ ልጁን በማስቀመጡ ክፍያ አይቀበልም። ቤቱ ውስጥ የሚኖር አዋቂ ሁሉ የወንጀል ታሪኩ ይጣራል፤ ልውውጡን የሚያስፈጽመው ድርጅትም ቤቱ ድረስ ሄዶ ቤተሰቡን ያነጋግራል። ልጁ የራሱ አልጋ ሊኖረው ይገባል፤ የሚዘረጋ ሶፋ ወይም በአየር የሚነፋ ፍራሽ አይቆጠርም። መኝታ ክፍል ቢጋራ እንኳ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ነው፤ እሱም ተመሳሳይ ፆታ ያለው መሆን አለበት። ድርጅቱ ከልጁም ከቤተሰቡም ጋር በየወሩ ይገናኛል። ቋንቋ ለመማር እንግሊዝ ወይም አየርላንድ ለሚሄድ ተማሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ እዚያ ለክፍሉና ለምግቡ ይከፈላል።

ደንቡ የሚሸኘው እስከ በሩ ነው። ከበሩ ወዲያ ያለውን የሚወስነው ልማድ ነው፤ ለእኛ ልጆች ደግሞ ትልቁ ፈተና ይሉኝታ ነው። እኛ ቤት «ብላ» ሲባሉ «በቃኝ» ማለት ጨዋነት ነው፤ ባለቤቷ «በሞቴ» ብላ ደግማ ታቀርባለች፣ ታጎርሳለች። አሜሪካዊቷ እናት ግን «አልፈልግም» ያለን ልጅ ማስገደድ ነውር ስለሚመስላት ሳህኑን ታነሣለች። ልጁ ርቦት ይተኛል፤ የበደለው ሰው ግን የለም። ጾምም እንደዚሁ ነው። የኦርቶዶክስ አማኝ ልጅ «እጾማለሁ» ሲል አስተናጋጆቹ ጨርሶ የማይበላ ሊመስላቸው ይችላል። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ቅቤ እንደማይነካ፣ ምስርና አትክልት ግን እንደሚበላ አስቀድሞ ቢነግራቸው ሁሉም ይቀላል። ከራት በኋላም ወንድ ሴት ሳይባል ሳህን ይታጠባል፣ ቆሻሻ ይወጣል። ይህን እንደ ንቀት የሚቆጥር ልጅ ተሳስቷል። ሳህን የሚያጥበው የቤት ልጅ ነው፤ እንግዳማ ተቀምጦ ይስተናገዳል።

የማያውቁትን ልጅ ማስተናገድ ለእኛም ባዕድ አይደለም። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ የቆመውን የቆሎ ተማሪ ያበላው የማያውቀው አገር ሰው ነበር። በቅርቡም የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞችን የሚልከው ፒስ ኮር እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ ኢትዮጵያ ከተመለሰ በኋላ አሜሪካውያን ሠልጣኞቹን እንደ አሰላና ቡታጅራ ባሉ ከተሞች በየቤተሰቡ ያስቀምጥ ነበር። እነሱም በተራቸው ለእኛ «ብሉ እንጂ» ምን ብለው እንደሚመልሱ መማር ነበረባቸው።

ልጃችሁን የምትልኩ ወላጆች፣ ሻንጣው ውስጥ በርበሬና ቡና ስትከቱለት አንድ ምክር ጨምሩለት፦ መጀመሪያ ሲጠይቁህ የልብህን ተናገር፤ ከራት በኋላም ሳህኑን ለማጠብ ቀድመህ ተነሣ።