የላፕቶፕን ስክሪን በተሻለ ስለ መለወጥ

በማሠልጠኛ ተቋማችን የኬሚስትሪ ክፍል አንድ ላፕቶፕ ለስድስት ሠልጣኞች ይደርሳል። በአንድ ትምህርት ጊዜ የአሲድና የቤዝ ቲትሬሽንን የሚያሳይ አጭር ፊልም ከፍተን፣ በፌኖልፍታሊን አማካይነት ፈዛዛው ሮዝ ቀለም የታየው ስንት ሚሊ ሊትር ቤዝ ሲጨመር እንደሆነ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በየደብተሩ እንዲጽፍ አዘዝን። ከላፕቶፑ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለቱ ትክክለኛውን መልስ ጻፉ። ከኋላቸው ቆመው ወደ ታች ይመለከቱ የነበሩት አራቱ ግን አንድ ሚሊ ሊትር ያህል አብልጠው ጻፉ። ትኩረት ያልሰጡ መስሎን ገሠጽናቸው። ከትምህርቱ በኋላ እነርሱ በቆሙበት ቦታ ቆመን ፊልሙን ደግመን ብንመለከት፣ ፈዛዛው ሮዝ ከነጩ አልለይ አለን። ቀለሙ የታየን እጅግ ከደመቀ በኋላ ነው። ጥፋቱ የሠልጣኞቹ ሳይሆን የስክሪኑ ነበር።

ይህ አጋጣሚ የላፕቶፕን ስክሪን አሠራር ጠጋ ብለን እንድናጠና ምክንያት ሆነን። ያገለገሉ ላፕቶፖችን በግዢ ወይም በእርዳታ ባገኙ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተመሳሳይ ችግር ሊያጋጥም ስለሚችል፣ ያጠናነውንና የሠራነውን፣ የተሳሳትነውንም ጭምር፣ ለሥራ ባልደረቦቻችን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ስክሪን ከላፕቶፑ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ ይምሰል እንጂ፣ በአብዛኞቹ ላፕቶፖች በጥቂት ብሎኖችና በአንድ ኬብል የተያያዘ፣ ተፈትቶ ሊተካ የሚችል ዕቃ ነው። ሊተካ ይችላል ማለት ግን ያገኙት ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ዋና ዓላማም ይህንኑ ማስረዳት ነው።

1. ሁለቱ የስክሪን ዓይነቶች

የላፕቶፕ ስክሪን መሠረቱ ፈሳሽ ክሪስታል ነው። ይህን የቁስ ጠባይ በመጀመሪያ ያስተዋለው ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪድሪክ ራይኒትዘር ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1888 ነበር። ራይኒትዘር ኮሌስቴሪል ቤንዞኤት የተባለውን ውሁድ ሲያሞቅ ሁለት የመቅለጫ ነጥቦች ያሉት ሆኖ አገኘው። በሁለቱ ነጥቦች መካከል ውሁዱ እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ክሪስታል ሥርዓት ይዘው ይደረደራሉ።

በስክሪን ውስጥ ይህ ፈሳሽ በሁለት ስስ መስታወቶች መካከል ይቀመጣል። ከበስተጀርባ የሚመጣው ብርሃን በፈሳሹ ውስጥ ያልፋል፤ በየነጥቡ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ሞለኪውሎቹን እያዞረ የሚያልፈውን ብርሃን ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። እዚህ ላይ ሁለት የአሠራር ዓይነቶችን መለየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቲኤን የሚባለው ነው። በዚህ ዓይነት ስክሪን ቮልቴጅ በሌለበት ጊዜ የሞለኪውሎቹ ሰልፍ ከአንዱ መስታወት እስከ ሌላው 90 ዲግሪ ይጠመዘዛል። ቮልቴጅ ሲሰጥ ሞለኪውሎቹ ከመስታወቱ ተነሥተው ይቆማሉ፤ መካከለኛ ቮልቴጅ ሲሆን ደግሞ ወደ አንድ ወገን አዘንብለው ይቀራሉ። ችግሩ የሚመጣው ከዚህ ማዘንበል ነው። ነፋስ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለው የስንዴ ማሳ ከአንዱ ዳር ሲታይ የሚያብረቀርቅ፣ ከሌላው ዳር ሲታይ ጠቆር ያለ እንደሚመስል ሁሉ፣ የቲኤን ስክሪንም ከላይ ሲመለከቱት ፈዛዛ ቀለሞች ነጭ ይሆኑበታል፤ ከታች ሲመለከቱት ደግሞ ይጠቁራል። የቆሙት አራቱ ሠልጣኞቻችን ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

ሁለተኛው አይፒኤስ የሚባለው ሲሆን፣ የጃፓኑ ሂታቺ ኩባንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ ያበቃው ነው። በዚህ ዓይነት ሞለኪውሎቹ አይቆሙም። ከመስታወቱ ጋር ትይዩ እንደሆኑ በተኙበት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራሉ። ስለዚህ ተመልካቹ ከላይም ሆነ ከጎን ቢሆን የሚያየው ቀለም ብዙ አይለዋወጥም። በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ብዙ ተማሪ ለሚሰበሰብበት ክፍል ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

2. የነጥቦች ብዛትና ፊደላችን

ሌላው የስክሪን መለኪያ የነጥቦች፣ ማለትም የፒክስሎች፣ ብዛት ነው። በብዙ ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚገኘው 1366 በ768 ሲሆን፣ ሲባዛ 1,049,088 ነጥብ ይሆናል። የተሻለው 1920 በ1080 ደግሞ 2,073,600 ነጥብ አለው፤ ሁለት እጥፍ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው። ሁለቱም በ14 ኢንች ስክሪን ላይ ቢሆኑ፣ በፓይታጎረስ ሕግ የአግዳሚውን ነጥብ ብዛት አስልተን ለ14 ስናካፍል የመጀመሪያው በአንድ ኢንች ወደ 112፣ ሁለተኛው ወደ 157 ነጥብ ይደርሰዋል። ይህን ስሌት ለሒሳብ ተማሪዎች የቤት ሥራ አድርጎ መስጠት ይቻላል።

ይህ ልዩነት ለአማርኛ ጽሑፍ ከላቲኑ ይልቅ ጎልቶ ይታያል። ፊደላችን ድምፅን የሚለየው በትንንሽ ቅጥያዎች ነው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት ከቀኝ እግራቸው ግርጌ ባለው ጭረትና ቀለበት ነው። ነጥቦቹ ሲያንሱ ቀለበቱ ተደፍኖ ጭረት ይመስላል። በዚህም ምክንያት የፈተና ወረቀት በትንሽ ፊደል ስናርም ስሕተት ያመልጠናል፤ ዓይናችንም ቶሎ ይደክማል።

ይሁን እንጂ የነጥብ ብዛት ብቻውን ስክሪንን የተሻለ አያደርገውም። 1920 በ1080 ሆነው ዓይነታቸው ቲኤን የሆኑ ስክሪኖች አሉ። እነዚህ ፊደልን አጥርተው ያሳያሉ፤ ከቆመበት የሚመለከተውን ተማሪ ችግር ግን አይፈቱም። ስለዚህ ገዢው ሁለቱንም ለይቶ መጠየቅ አለበት።

3. ከመግዛት በፊት መመሳሰል ያለባቸው ነገሮች

እዚህ ላይ የራሳችንን ስሕተት መናገር ይኖርብናል። ያ ፊልም የታየበት ላፕቶፕ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲንክፓድ ቲ430 ነበር። በክፍላችን በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲ440ፒም አለ። ሁለቱም 14 ኢንች ናቸው፤ የአንድ ዓመት ልዩነት ብቻ ስላላቸውም ውስጣቸው አንድ መስሎን ነበር። «14 ኢንች፣ 1920 በ1080፣ አይፒኤስ» ብለን አዝዘን አስመጣን። ቲ430ን ፈትተን ልንገጥም ስንል የኬብሉ መሰኪያ 40 ፒን፣ የአዲሱ ስክሪን ግን 30 ፒን ሆኖ ተገኘ። ሻጩ የጠየቅነውን ልኮልናል፤ መጠየቅ የነበረብንን ያልጠየቅን እኛ ነን። ከዚህ የተማርነውን እንደሚከተለው ዘርዝረናል።

1ኛ/ የምልክቱ ዓይነት። የቆዩት ላፕቶፖች ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚልኩት ኤልቪዲኤስ በሚባል ዘዴ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኢዲፒ የሚባለውን ይጠቀማሉ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አይሰማም። ብዙውን ጊዜ ኤልቪዲኤስ በ40 ፒን፣ ለእኛ ዓይነቱ ሥራ የሚያገለግለው ኢዲፒ በ30 ፒን ይታወቃል። ነገር ግን 40 ፒን ያላቸው የኢዲፒ ስክሪኖችም ስላሉ፣ ፒን መቁጠር ብቻ በቂ አይደለም። ቲ430 ኤልቪዲኤስ፣ ቲ440ፒ ኢዲፒ ነው።

2ኛ/ የኬብሉ አቅም። 1366 በ768 ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ ቢታደስና ለእያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ቢመደብ፣ በሴኮንድ 1.5 ቢሊዮን ቢት ያህል ያስፈልገዋል። 1920 በ1080 ደግሞ ወደ 3 ቢሊዮን ቢት ይደርሳል። በተለመደው የኢዲፒ ፍጥነት በአንድ መሥመር የሚያልፈው የምስል መረጃ በሴኮንድ 2.16 ቢሊዮን ቢት ስለሆነ፣ ትልቁ ስክሪን ሁለት መሥመር ይፈልጋል። በአንዳንድ ላፕቶፖች ለትንሹ ስክሪን የተሠራው ኬብል አንድ መሥመር ብቻ ይዘረጋል። እንዲህ ሲሆን ኬብሉም አብሮ መለወጥ አለበት። በቲ440ፒ ግን የነበረው ኬብል አገልግሏል።

3ኛ/ የአካሉ ቅርጽ። ርዝመቱና ወርዱ፣ ውፍረቱ፣ የብሎን ማሰሪያ ጆሮዎቹ ያሉበት ቦታ፣ እንዲሁም መሰኪያው በስተቀኝ ወይም በስተግራ መሆኑ መታየት አለበት። ጆሮ የሌለው ስክሪን ጆሮ ያለው በነበረበት ቦታ አይታሰርም።

4ኛ/ በጣት የሚነካ መሆን አለመሆኑ። በጣት የሚነካ ስክሪን ያለው ላፕቶፕ ሌላ ዓይነት ኬብልና ሽፋን ሊኖረው ስለሚችል በተለየ ጥንቃቄ ይታያል።

እነዚህን ሁሉ ለማወቅ ከሁሉ የሚሻለው መንገድ አሮጌውን ስክሪን ፈትቶ ከጀርባው የተለጠፈውን ቁጥር መገልበጥ ነው። በቁጥሩ መካከል ብዙ ጊዜ 140 ወይም 156 የሚል ይገኛል፤ ይኸውም 14.0 ወይም 15.6 ኢንች ማለት ነው። በዚህ ሙሉ ቁጥር የስክሪኑን መግለጫ ፈልጎ ሊገዛ ከታሰበው ጋር ጎን ለጎን ማነጻጸር ይገባል።

4. አለዋወጡ

ሀ/ ላፕቶፑ ይጠፋል፤ ቻርጀሩ ይነቀላል፤ ባትሪው ይወጣል። ከዚያም ማብሪያውን ለጥቂት ሴኮንዶች ተጭኖ የቀረውን ኤሌክትሪክ ማስወጣት ያስፈልጋል። ይህ መዘለል የለበትም። ኤሌክትሪክ እያለ ኬብሉ ቢሰካ ወይም ቢነቀል፣ የጀርባ መብራቱን የሚያስተላልፈው በማዘርቦርዱ ላይ ያለ ትንሽ ፊውዝ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪው ከውስጥ የታሰረ ከሆነ የታች ሽፋኑን ከፍቶ መሰኪያውን መንቀል ግድ ነው።

ለ/ የስክሪኑን ዙሪያ የያዘው ክፈፍ ብሎኖቹ በትንንሽ ሽፋን ሥር ይደበቃሉ። እነዚህ በትንሽ ካቻቢቴ ከተፈቱ በኋላ ክፈፉ በጥፍር ወይም አገልግሎቱ ባበቃ የፕላስቲክ ካርድ ከዳር ጀምሮ ቀስ እየተባለ ይላቀቃል። ብረት ማስገባት መስታወቱን ይሰነጥቃል።

ሐ/ ስክሪኑን የያዙት ብሎኖች ይፈቱና ስክሪኑ በኪቦርዱ ላይ ንጹሕ ጨርቅ ተነጥፎ በፊቱ ይተኛል። የኬብሉን መሰኪያ የሸፈነው ፕላስተር ይነሣል፤ መሰኪያው ሽቦው ሳይጎተት ከሁለት ጎን ተይዞ በአግድሙ ይወጣል።

መ/ አዲሱ ስክሪን ቀጥ ብሎ ይሰካል፤ ፕላስተሩም ይመለሳል። ክፈፉ ከመዘጋቱ በፊት ባትሪው ተመልሶ ላፕቶፑ ይበራል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጽ በየተራ እየከፈቱ የሞተ ነጥብ መኖር አለመኖሩን ማየት ይገባል። ከዚያ ጠፍቶ ባትሪው ዳግመኛ ከወጣ በኋላ ብሎኖቹ ይታሰራሉ፤ ክፈፉም ይዘጋል።

በአዲሱ ስክሪን ላይ ጽሑፉ ያነሰ መስሎ ቢታይ የሚያስደነግጥ አይደለም። በኮምፒውተሩ ማስተካከያ የጽሑፉን መጠን ወደ 125 ከመቶ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ባትሪው ቀድሞ ከሚቆይበት ጊዜ በጥቂቱ ሊቀንስ እንደሚችልም ማወቅ ደግ ነው።

5. መለወጥ የማይገባው መቼ ነው?

ለቲ430 አይፒኤስ 1920 በ1080 ለመግጠም ምልክቱን የሚቀይር ተጨማሪ ሰርኪዩት ያስፈልጋል። ከፋብሪካው ይቀርብለት የነበረውን 1600 በ900 ስክሪን መግጠም ቀላል ነው፤ ነገር ግን እርሱም ቲኤን ስለሆነ የእኛን ችግር አይፈታም። ስለዚህ ቲ430ን ሳንነካ ትተን፣ አንድ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ለሚሠራው የጽሕፈት ሥራ መደብነው። የገዛነውን ስክሪን በቲ440ፒ ላይ ገጠምነው፤ የመማሪያ ክፍሉ ላፕቶፕም እርሱ ሆነ። ማጠፊያው የተሰበረ፣ ባትሪው የደከመ፣ ኪቦርዱ የተበላሸ ላፕቶፕ ላይም ለስክሪን ገንዘብ ማውጣት አይመከርም።

ስክሪኑ በተለወጠ ማግሥት ስድስቱን ሠልጣኞች ጠርተን ያንኑ ፊልም በቲ440ፒ ላይ ደግመን አሳየናቸው። እንደ በፊቱ ሁለቱ ተቀመጡ፤ አራቱ ቆሙ። ስድስቱም ተመሳሳይ መልስ ጻፉ። ለአራቱ ያለ ጥፋታቸው እንደ ገሠጽናቸው ነግረን ይቅርታ ጠየቅናቸው፤ የቀድሞውን ውጤታቸውንም አረምን። በየትምህርት ቤቱ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻችንም ስክሪን ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት፣ ተማሪዎቻችሁ በሚቆሙበት ቦታ ቆማችሁ ያላችሁን ስክሪን እንድትመለከቱት እናሳስባለን። ይህ ምንም ወጪ የለውም።