ኬዙ ከመገዛቱ በፊት

ሰሞኑን ባለመስታወት ኬዝ ይዘው የሚመጡ ወጣቶች በዝተውብኛል። አዲሱን በካርቶኑ፣ አሮጌውን ኮምፒዩተር በማዳበሪያ ጠቅልለው ይመጡና «ጋሼ፣ ኬዝ ብቻ እኮ ነው የሚቀየረው፤ ቶሎ ያልቃል አይደል?» ይሉኛል። እኔ ቀድሜ የማየው አሮጌውን ነው። የጎኑን ክዳን ከፍቼ ውስጡ ሙሉ በሙሉ የአንድ ኩባንያ ሥራ ሆኖ ካገኘሁት «ኬዙን የገዛህበት ሱቅ ይመልስልሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ያኔ ፊታቸው ይለዋወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንቴል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 ኤቲኤክስ የተባለውን ደረጃ ካወጣ ወዲህ የማዘርቦርድ መጠን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ቦታና የፓወር ሰፕላዩ ልክ የታወቀ ሆኗል። ሙሉው ኤቲኤክስ 305 በ244 ሚሊሜትር ነው፤ ማይክሮ ኤቲኤክስ 244 በ244፤ ሚኒ አይቲኤክስ ደግሞ 170 በ170። ሱቅ ውስጥ የተገጣጠመ ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ይከተላል። ከውጭ አገር ቢሮዎች ወጥተው ወደኛ የሚመጡት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ግን ሌላ ናቸው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን ክፈቱ፤ ባለ 24 ፒን የኃይል መሰኪያ ሊኖር በሚገባው ቦታ ባለ 8 ፒን ታገኛላችሁ። ፓወር ሰፕላዩ የሚልከው 12 ቮልት ብቻ ነው፤ 5ቱንና 3.3ቱን ቮልት ቦርዱ ራሱ ያወጣል፤ ሃርድ ዲስኩም ኃይል የሚያገኘው ከቦርዱ ነው። የማብሪያው ገመድ መሰኪያም የራሱ ነው፤ ከአዲሱ ኬዝ ጋር አይገጥምም። 24ቱን ወደ 8 የሚያወርድ ገመድ አለ፤ በግድ ማስገባትም ይቻላል። ግን እንዲህ ያለው ማሽን የፊት ገመዱን ሲያጣ «ኤፍ 1 ተጫኑ» እያለ ይቆማል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ኤፍ 1 መጫን የሚፈልግ ካለ ይግዛ!

ቦርዱ ደረጃውን የጠበቀ ከሆነ ግን ሥራውን ራሳችሁ ሞክሩት። ሰው የሚፈራውን ያህል ከባድ አይደለም። ብዙዎች ሁሉንም ነገር ካልፈታን ይላሉ፤ አያስፈልግም። ፕሮሰሰሩ፣ ማቀዝቀዣውና ራሙ ቦርዱ ላይ እንዳሉ አብረው ይወጣሉ። ማቀዝቀዣውን ያለ ምክንያት ካነሳችሁት የሙቀት ቅባቱን ጠርጋችሁ እንደገና መቀባት ግድ ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ካለ ግን እሱ ቀድሞ ይውጣ። ኮምፒዩተሩን ከሶኬት ነቅላችሁ ማብሪያውን ለጥቂት ሰከንድ ተጫኑ፤ የቀረው ኃይል ይውጣ። ከዚያ የእያንዳንዱን ገመድ ቦታ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። ከቦርዱ ጀርባ ያለውን ቀዳዳ ቀዳዳ ቆርቆሮ አሮጌው ኬዝ ላይ ረስታችሁ እንዳትተዉት፤ የቦርዱ ነው፤ ከቦርዱም በፊት ይገባል።

ሰው የሚሳሳተው ማቆሚያዎቹ ላይ ነው። ቦርዱ የሚቀመጥባቸው፣ ከነሐስ የተሠሩ ትንንሽ ማቆሚያዎች ማለቴ ነው። የቦርዱ ጀርባ በሙሉ የብየዳ ነጥብ ነው፤ ኬዙ ደግሞ ብረት ነው። አንድ ልጅ «አዲሱን ኬዝ ስቀይር ሞተብኝ» ብሎ ያመጣውን አስታውሳለሁ። ቁልፉን ስትጫኑት ፋኑ ግማሽ ዙር ይዞርና ቀጥ ይላል። ይህ ምልክት ሲታይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ ሾርት ነው። ቦርዱን ሳነሳው ፋብሪካው ለትልቁ ኤቲኤክስ የገጠማት አንዲት ማቆሚያ ከማይክሮው ቦርድ ሥር ቀርታ ጀርባውን ትነካለች። በፒንሳ ፈታኋት፤ ማሽኑ ተነሣ። ስለዚህ ቦርዱን በኬዙ ላይ ያዝ አድርጋችሁ ከላይ ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ፤ ከሥር ያሉትም ማቆሚያዎች በዚያው ልክ፣ በዚያው ቦታ ይሁኑ። አትብዛ፣ አትጉደል።

ሌላው ራስ ምታት ከኬዙ ፊት የሚመጡት ቀጫጭን ገመዶች ናቸው። የሚሰኩት በሁለት ረድፍ በተደረደሩ ዘጠኝ ፒኖች ላይ ነው። የማብሪያውና የሪሴቱ ገመድ ቢገለበጥም ይሠራል፤ የመብራቶቹ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አላቸው፤ ቢገለበጡ አይበሩም፣ የሚበላሽ ነገር ግን የለም። ወፍራሙን የዩኤስቢ 3 መሰኪያ ደግሞ ስትነቅሉ ገመዱን አትጎትቱ። 19 ፒኖቹ ቶሎ ይጎብጣሉ፤ አንዳንዴም የፕላስቲክ አጥሩ አብሮ ይነቀላል።

ፓወር ሰፕላዩ ገመዶቹ የሚነቀሉለት ዓይነት ከሆነ፣ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ በፍጹም አትሰኩበት። ሃርድ ዲስኩ ጋ ያለው ጫፍ አንድ ዓይነት ቢሆንም ፓወር ሰፕላዩ ጋ ያለው የሽቦ አደራደር ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል። ውጤቱ የተቃጠለ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ፎቶውም፣ የመመረቂያ ጽሑፉም አብሮ ይሄዳል።

ስለ መስታወቱም ሐሳቤን ልናገር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ከተማ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ፊቱ በመስታወት የታፈነ ኬዝ ሲታይ ያምራል፤ እኔ ግን ለራሴ የምመርጠው ፊቱ ወንፊት የሆነውን፣ የሚታጠብ የአቧራ ማጣሪያ ያለውን ነው። ፋኖቹ ከፊት አስገብተው ከኋላና ከላይ ያስወጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቦርዱና ዲስኩ ያው እስከሆኑ ድረስ ዊንዶውስ እንደገና አይጫንም፤ ፋይልም አይጠፋም። «ኬዝ ስለተቀየረ ፎርማት መደረግ አለበት» ብሎ ተጨማሪ ብር የሚጠይቃችሁ ባለሙያ ካለ አትክፈሉት።