ስለ እንጦጦ ትምህርት ቤትና ስለ እጅ ሥራ ክብር

በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ብዙ ሹማምንትንና ደራስያንን ማፍራቱ የታወቀ ነው። ከጎጃም ቅኔ ቤት መጥተው በዚያ ዘመናዊውን ትምህርት የቀሰሙት ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ፥ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አሳትመው የሁለቱን ትምህርት ፍሬ አሳይተውናል።

ይኸው ትምህርት ቤት ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በእንጦጦ ስም ተጠራ፤ ውሎ አድሮም የቴክኒክና የሙያ ትምህርት መስጫ ሆነ። ታዲያ ይህን እንደ መዋረድ የሚቈጥር ሰው ቢኖር እጅግ ተሳስቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ገና በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለዋልና።

ይሁን እንጂ ልጁ ብዕር ሲይዝ የሚኰራ፥ መዶሻ ሲይዝ ግን የሚያፍር ወላጅ ዛሬም አልጠፋም። እስቲ እናስተውል፤ ደራሲው የሚጽፍበትን ጠረጴዛ የሚያበጀው አናጢ ነው፤ የጻፈውንም ለአንባቢ የሚያደርሰው የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው። ባለ እጅ ከሌለ የሊቁ ዕውቀት ከራሱ ጋራ ተቀብሮ ይቀራል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ሙያ ልማር ቢላችሁ መርቃችሁ ስደዱት እንጂ አንገቱን አታስደፉት። የዚያ ትምህርት ቤት ክብር በቀድሞ ተማሪዎቹ ሹመት ብቻ ሳይሆን፥ በዛሬዎቹም እጅ ሥራ ይለካልና።